የጎደለና የተሳሳተ ቀን በኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ



በዚህ እትም የትምህርት ገጻችን የምንማረው ስለ ቀን አጻጻፍ ነው። ስደተኛ በደረሰበት ሁሉ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው የልደት ቀኑን ነው። ለምዝገባ፣ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፈተና፣ የተለያየ ቤተሰብን ለማገናኘትም ይጠየቃል። ዛሬ ይህ ቀን በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ውስጥም ይቀመጣል፤ ሲፈለግም የሚፈለገው በኮምፒዩተር ነው። ታዲያ ቀኑ ሳይሞላ ቢቀር ወይም በአቆጣጠሩ ውስጥ የሌለ ቀን ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ ምን ያደርጋል? ባለመዝገቡስ በፍለጋ ይገኛል ወይስ ይጠፋል?

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ የሚከተሉትን ማድረግ ትችላላችሁ፦

1. የፍለጋ ማውጫ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት፤
2. የቀን ስህተቶችን በዓይነታቸው መለየት፤
3. ባዶና የተሳሳተ ቀን ያለበትን መዝገብ ሰው ሳይጠፋ፣ ሐሰትም ሳይጨመር ወደ ማውጫ ማስገባት።

ኮምፒዩተር ያልነካችሁ ተማሪዎችም ትምህርቱን ልትከታተሉት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና የአራቱ መደብ ሒሳብ ብቻ ነው።

ክፍል አንድ፦ ማውጫ ምንድን ነው?

አንዳንድ የትምህርት መጻሕፍት ከመጨረሻ ገጾቻቸው ላይ በፊደል ተራ የተደረደሩ ቃላት ይገኙባቸዋል። ከእያንዳንዱ ቃል ፊት ለፊት የገጽ ቁጥር አለ። «ዓባይ» የሚለውን የፈለገ ተማሪ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነብም፤ ማውጫውን ያያል፣ የገጹን ቁጥር ያገኛል፣ ወደዚያ ይሄዳል።

የኮምፒዩተር ፍለጋም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ እያንዳንዱን የመረጃ ካርድ ያነባል፤ ቃላቱን ለይቶ በእያንዳንዱ ቃል ሥር ቃሉ የሚገኝባቸውን ካርዶች ቁጥር ይጽፋል። ቀኖችን ደግሞ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። በዚህ ምክንያት «ከ2010 እስከ 2012 የተወለዱትን አውጣልኝ» ቢባል ብዙ ሺህ ካርዶችን አንድ በአንድ ማየት አያስፈልገውም፤ ከተደረደረው ውስጥ ያንን ክፍል ብቻ ያወጣል። ይህን የመሰለ ሥራ ከሚሠሩት ሶፍትዌሮች ውስጥ ሶለርና ኤላስቲክሰርች የታወቁ ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት ሉሲን በሚባል አንድ የጋራ መሠረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመዝገብ ውስጥ መኖርና በፍለጋ መገኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካርዱ በመዝገቡ ውስጥ በደህና ተቀምጦ ማውጫው ውስጥ ግን ካልገባ ፈላጊው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ማውጫው ላይ የጎደለ ቃል ያለበትን ገጽ አስቡት፤ ገጹ ከመጽሐፉ አልተቀደደም፣ በማውጫው የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም።

ክፍል ሁለት፦ ኮምፒዩተር ቀንን እንዴት ያነባል?

ለኮምፒዩተር የሚመቸው የቀን አጻጻፍ አይ.ኤስ.ኦ. 8601 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የተወሰነው ነው። ደንቡ መጀመሪያ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ዓመቱ ይቀድማል፣ ወሩ ይከተላል፣ ቀኑ መጨረሻ ይሆናል። ለምሳሌ ማርች 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. 2011-03-09 ተብሎ ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቀኑ የቱ ወሩ የቱ እንደ ሆነ አያሻማም። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ እንዳሉ ቢደረደሩ በራሳቸው የጊዜ ቅደም ተከተል ይይዛሉ።

ሶፍትዌሩ ቀኑን ሲቀበል ይመረምራል። ወሩ ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት። ቀኑም ከወሩ መጠን ማለፍ የለበትም፤ ኤፕሪል 30 ቀን ነው፣ ፌብሩዋሪ 28 ወይም 29 ነው። ይህ ሁሉ የሚለካው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኛ አቆጣጠር 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን እንዳሉት ሶፍትዌሩ ካልተነገረው በቀር አያውቅም።

ክፍል ሦስት፦ አራት ዓይነት የቀን ችግሮች

ሀ) ባዶ ቀን። የልደት ቀን የሚጻፍበት ዓምድ ምንም አልተጻፈበትም። ወላጅ አላስታወሰ ይሆናል፤ መዝጋቢው ዘሎት ይሆናል፤ ወረቀቱ ረጥቦ ጽሑፉ ጠፍቶ ይሆናል።

ለ) በአቆጣጠሩ ውስጥ የሌለ ቀን። አንድ ልጅ የካቲት 30 ቀን 2003 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። መዝጋቢው የካቲትን ፌብሩዋሪ ብሎ ተረጎመ፤ በዓመቱ ላይ 8 ጨመረ፤ ቀኑን ግን እንዳለ ተወው። 30/02/2011 ሆነ። እንዲህ ያለ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖሮ አያውቅም። በጳጉሜን የተወለደ ልጅም ወሩ 13 ተብሎ ስለሚጻፍ ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል።

ሐ) ትክክል መስሎ የተሳሳተ ቀን። ያንኑ የካቲት 30 ቀን 2003 ሌላ መዝጋቢ በቁጥር ብቻ 30/06/2003 ብሎ ጻፈው እንበል፤ የካቲት 6ኛ ወራችን ነውና። ኮምፒዩተሩ ይህን ጁን 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ብሎ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። ልጁ በእውነት የተወለደው ግን ማርች 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ነው። መዝገቡ ልጁን ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ አስረጀው ማለት ነው። ልጁ 15 ዓመት በሚሞላበት ዕለት መዝገቡ 22 ዓመት ከ8 ወር ይለዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሕፃን የሚለው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነውን ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ ገና ልጅ ሳለ በመዝገብ ላይ አዋቂ ሆኗል።

ሌላው የዚሁ ዓይነት ስህተት የቀንና የወር መቀያየር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ቀን ይቀድማል፤ በአሜሪካ ወር ይቀድማል። ጳጉሜን 3 ቀን 2001 ዓ.ም. 03/13/2001 ተብሎ ቢጻፍ ወር አስቀድሞ የሚያነብ ሶፍትዌር ማርች 13 ቀን 2001 ብሎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ነው።

መ) መሙያ ቀን። አንዳንድ ጊዜ ዓምዱ ባዶ እንዳይሆን ተብሎ ማንም ያልተወለደበት ቀን ይገባበታል። ብዙ ጊዜ የምናያቸው እነዚህ ናቸው፦

- ጃንዋሪ 1 ቀን 1970። ብዙ ኮምፒዩተሮች ጊዜን መቁጠር የሚጀምሩት ከዚህ ቀን ስለሆነ ባዶው ወደ ዜሮ ሲለወጥ ይህ ቀን ሆኖ ይወጣል።
- በኤክሴል ሠንጠረዥ ውስጥ ዜሮ እንደ ቀን ሲታይ «ጃንዋሪ 0 ቀን 1900» ይሆናል።
- ማይኤስኪውኤል በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ በቆዩ መዝገቦች 0000-00-00 የሚል ይገኛል።
- ዓመቱ ብቻ የታወቀ ሰው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። በስደተኞች ዘንድ ይህ በጣም የተለመደ ነው።

ከአራቱ የትኛው ይከፋል? «ሀ» እና «ለ» ራሳቸውን ይገልጣሉ፤ የሚመረምር ሰው ያያቸዋል። «ሐ» እና «መ» ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እውነት መስለው ስለሚታዩ የበለጠ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

ክፍል አራት፦ ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል?

የተበላሸ ቀን ያለው ካርድ ወደ ማውጫ ሲላክ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደርስበታል።

አንደኛው፣ ካርዱን በሙሉ አለመቀበል ነው። ሶለርም ሆነ ኤላስቲክሰርች ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጣቸው የሚያደርጉት ይህን ነው። ቀኑ የተበላሸው በአንድ ዓምድ ብቻ ቢሆንም የሰውየው ስም፣ የእናቱ ስም፣ የመጣበት ቦታ ሁሉ አብሮ ከማውጫው ይቀራል። ከዚያ በኋላ እኅቱ በስሙ ብትፈልገው አታገኘውም።

ባዶ ዓምድም ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ እወቁ። አንዱ ዓምዱ ከነጭራሹ ያልተላከበት ወይም «ነል» የሚባለው፣ «ዋጋ የለውም» ማለት የሆነው ነው፤ ኤላስቲክሰርች ይህን ያለ ችግር ይቀበላል። ሌላው ባዶ ጽሑፍ ነው፤ ማለትም ሁለት የጥቅስ ምልክቶች በመካከላቸው ምንም ሳይኖር። ለእኛ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ለሶፍትዌሩ ግን ባዶ ጽሑፍ «ይህን ቀን አንብብ» ተብሎ የተሰጠው ነገር ነው፤ ሊያነበው ስለማይችል ካርዱን ይመልሰዋል። ከሠንጠረዥ ወይም ከጽሑፍ ፋይል ተገልብጠው በሚመጡ መረጃዎች ላይ ይህ ዘወትር ያጋጥማል።

ሁለተኛው፣ የተበላሸውን ቀን ብቻ ትቶ የቀረውን ማስገባት ነው። ኤላስቲክሰርች «የተበላሸውን እለፈው» የሚል ትርጉም ያለው ቅንብር አለው። ይህ ሲከፈት ሰውየው በስሙ ይገኛል። የትኛው ዓምድ እንደ ታለፈም ሶፍትዌሩ ስለሚመዘግብ በኋላ ቀናቸው የታለፈባቸውን ሰዎች ዝርዝር ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ቅንብር የሚያልፈው ያየውን ስህተት ነው፤ በ«ሐ» እና በ«መ» ላይ የተናገርናቸውን አያያቸውም። ዝርዝሩን የሚያይ ሰው ከሌለም ቀኑ እንደ ጠፋ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ ቀኑን ወደ ፊት መግፋት ነው። አንዳንድ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሌለ ቀን ሲሰጣቸው ትርፉን ወደሚቀጥለው ወር ያሻግሩታል። በጃቫስክሪፕት ቀን በቁጥር ተከፋፍሎ ሲሰጥ ፌብሩዋሪ 30 ቀን 2011 ማርች 2 ቀን 2011 ይሆናል። የልጁ ትክክለኛ ቀን ማርች 9 እንደ ነበረ አስታውሱ። ስህተቱ ወደ ሌላ ስህተት ተለወጠ እንጂ አልታረመም፤ አሁን ደግሞ ትክክል መስሏል።

ክፍል አምስት፦ ትክክለኛው አሠራር

በመጀመሪያ ከክፍላችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አምስት ተማሪዎች አሉ። አራቱ ተፈትነው 80፣ 70፣ 60 እና 90 አገኙ። አምስተኛው ታሞ አልተፈተነም። የተፈተኑት አማካይ 300 ለ4 ሲካፈል 75 ነው። መምህሩ ላልተፈተነው ዜሮ ቢጽፍ ግን አማካዩ 300 ለ5 ሲካፈል 60 ይሆናል። ዜሮ ያገኘና ያልተፈተነ አንድ አይደሉም። ባዶ ቀንም እንዲሁ ነው፤ «አይታወቅም» ማለት ራሱን የቻለ እውነት ነው፣ በሌላ ቀን መሸፈን የለበትም። የሚከተሉት አምስት ደረጃዎች የተመሠረቱት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የተጻፈውን አትደምስሱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ባለጉዳዩ የተናገረውን ወይም ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል «እንደ ተጻፈ» በሚል የጽሑፍ ዓምድ ውስጥ አስቀምጡ። ይህ ዓምድ ጽሑፍ ስለሆነ ምንም ቢጻፍበት ማውጫው አይመልሰውም። በኋላ ስህተት ቢገኝ መመለሻው እርሱ ነው።

ደረጃ 2፦ አቆጣጠሩን ለብቻው ጻፉ። የኢትዮጵያ ነው ወይስ የአውሮፓ? ካልታወቀ «አልታወቀም» በሉ።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ለውጡና መርምሩ። የኢትዮጵያ ቀን ከሆነ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጣችሁ ዓመት አስቀድማችሁ ጻፉ። የወራችን መጀመሪያ በአብዛኛው ዓመት የሚውለው እንደሚከተለው ነው፦

መስከረም 1 — ሴፕቴምበር 11
ጥቅምት 1 — ኦክቶበር 11
ኅዳር 1 — ኖቬምበር 10
ታኅሣሥ 1 — ዲሴምበር 10
ጥር 1 — ጃንዋሪ 9
የካቲት 1 — ፌብሩዋሪ 8
መጋቢት 1 — ማርች 10
ሚያዝያ 1 — ኤፕሪል 9
ግንቦት 1 — ሜይ 9
ሰኔ 1 — ጁን 8
ሐምሌ 1 — ጁላይ 8
ነሐሴ 1 — ኦገስት 7
ጳጉሜን 1 — ሴፕቴምበር 6

ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። ከሉቃስ በሚቀጥለው በዮሐንስ ዘመን ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ላይ አንድ ቀን ጨምሩ። በዓመቱ ላይ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ይደመራል። ይህ ሰንጠረዥ ዛሬ በሕይወት ላለ ሰው ሁሉ የልደት ቀን ያገለግላል።

ከተለወጠ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ቀኑ ገና ያልደረሰ ነው? ሰውየውንስ ከ120 ዓመት በላይ ያደርገዋል? ከሁለቱ አንዱ እውነት ከሆነ ቀኑ ተሳስቷል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ቀኑ ካልተገኘ የቀኑን ዓምድ ከነጭራሹ አትላኩ። ባዶ ጽሑፍም፣ 1970ም፣ 1900ም አታስገቡ። በምትኩ «ምክንያት» በሚል ሌላ ዓምድ ውስጥ «አልተሞላም»፣ «አልተነበበም»፣ «በአቆጣጠር የለም» ወይም «ዓመቱ ብቻ ይታወቃል» ብላችሁ ጻፉ። ዓመቱ ብቻ ከታወቀ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሆን ማስቀመጥ ይቻላል። ለምሳሌ «በ2003 ዓ.ም. ተወለደ» ማለት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2010 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ሶለርም ኤላስቲክሰርችም እንዲህ ያለውን ከ–እስከ የሚል የቀን ዓምድ ይቀበላሉ።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን አመሳክሩ። በመዝገብ ያለው የሰው ቁጥርና በማውጫ የገባው እኩል መሆን አለበት። 40 ሰው ልካችሁ 37 ከገባ ሦስት ሰው ተመልሷል ማለት ነው። ሦስቱን በስም ፈልጉ፣ የተመለሱበትን ምክንያት እዩ፣ አርማችሁ እንደገና ላኩ። ይህን ሳታደርጉ «ሥራው አልቋል» አትበሉ።

አሁን አምስቱን ደረጃዎች በምሳሌ እንያቸው።

ተማሪ ሀ፦ «የካቲት 30 ቀን 2003 ዓ.ም.»። የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8 ነው፤ 29 ቀን ሲጨመር ማርች 9 ይሆናል። በማውጫ፦ 2011-03-09።

ተማሪ ለ፦ ምንም አልተጻፈም። በማውጫ፦ የቀን ዓምድ የለም። ምክንያት፦ አልተሞላም። ስሟና ሌላው መረጃዋ ግን ይገባል።

ተማሪ ሐ፦ «ጳጉሜን 3 ቀን 2001 ዓ.ም.»። ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ነው፤ ሁለት ቀን ሲጨመር ሴፕቴምበር 8። በማውጫ፦ 2009-09-08።

ተማሪ መ፦ «በ2003 ዓ.ም.፣ ወሩና ቀኑ አይታወቅም»። በማውጫ፦ ከ2010-09-11 እስከ 2011-09-11። ምክንያት፦ ዓመቱ ብቻ ይታወቃል።

ተማሪ ሠ፦ 01/01/1970። ተማሪው የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው። ይህ መሙያ ቀን ነው። በማውጫ፦ የቀን ዓምድ የለም። «እንደ ተጻፈ» በሚለው ዓምድ ግን 01/01/1970 ይቀመጣል፤ ቤተሰቡም ይጠየቃል።

ክፍል ስድስት፦ ፈላጊውም ማወቅ ያለበት ነገር

ማውጫው በትክክል ቢሠራም ፈላጊው ካላወቀበት ሰው ይጠፋል። «በ2011 እ.ኤ.አ. የተወለዱትን አውጣ» ብትሉ ቀን የሌላቸው ሰዎች አይወጡም፤ ሶፍትዌሩ በመካከል መሆናቸውን የሚያውቅበት ነገር የለውምና። ስለዚህ ሰውን ስንፈልግ ጥያቄያችን «በ2011 የተወለዱትን፣ ደግሞም ቀናቸው ያልታወቀውን» የሚል መሆን አለበት። ኤላስቲክሰርች ውጤቱን በልደት ቀን ሲደረድር ቀን የሌላቸውን የሚያስቀምጠው ከመጨረሻው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ «የለም» የሚል ፈላጊ እነዚህን ሰዎች ሳያይ ይሄዳል።

ለወላጆች

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ሕፃናት የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ነው ያደጉት። ስለዚህ ቀኑን በትክክል አለማወቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በምዝገባ ጊዜ የሚከተሉትን ብታስታውሱ ልጆቻችሁን ትረዳላችሁ።

1. ቀኑን ስትናገሩ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በአውሮፓ አቆጣጠር» በሉ። አስተርጓሚ ካለ ይህንኑ እንዲተረጉም ንገሩት።

2. ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጥሩ። «ስድስተኛ ወር» ከማለት «የካቲት» ማለት ይሻላል።

3. የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ፤ የምታውቁትን ያህል ደግሞ ንገሩ። ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዝናብ ነበር ወይስ በጋ? ከታላቅ ወንድሙ በስንት ዓመት ያንሳል? በረመዳን የተወለደ ከሆነ ዓመቱንም አብራችሁ ተናገሩ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ያለ ዓመቱ ወሩ አይታወቅም።

4. የተጻፈው እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ልጁ በመዝገቡ መሠረት ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ጠይቁ። ስምንት ዓመት ያህል ከጨመረ አቆጣጠሩ አልተለወጠም ማለት ነው።

5. የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ውጤት ካላችሁ በደህና አስቀምጡ። በካርዱ ላይ ስህተት ካያችሁ ወደ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማስረጃችሁን ይዛችሁ ቀርባችሁ እንዲታረም ጠይቁ። በራሳችሁ እጅ አትሰርዙ፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ዘንድ አንድ ቀን፣ ሌላው ዘንድ ሌላ ቀን አትናገሩ።

መልመጃ

1. ሐምሌ 15 ቀን 2000 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ስንት ነው? ዓመት አስቀድማችሁ ጻፉ።
2. «ጳጉሜን 6 ቀን 2002 ዓ.ም.» የሚል የልደት ቀን ቀረበላችሁ። ይህ ቀን አለ? ምን ታደርጋላችሁ?
3. «04/05/2010» የሚል ቀን አቆጣጠሩ ሳይገለጽ ተጽፏል። በስንት መንገድ ሊነበብ ይችላል?
4. 60 ካርዶች ተልከው 54 ገቡ። ያልገቡት ሁሉ የቀን ዓምዳቸው ባዶ ጽሑፍ ነው። አንድ ጓደኛችሁ «ሁሉንም ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ብለን እንላካቸው» አለ። ምን ትመልሱለታላችሁ?

መልስ

1. ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፤ 14 ቀን ሲጨመር ጁላይ 22፤ ዓመቱ 2008። መልሱ 2008-07-22።
2. 2002 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ሉቃስ ስላልሆነ ጳጉሜን 5 ቀን ነበረች። ቀኑ በእኛም አቆጣጠር የለም። የቀኑን ዓምድ አንልክም፤ የተጻፈውን እንዳለ አስቀምጠን ምክንያቱን «በአቆጣጠር የለም» ብለን ቤተሰቡን እንጠይቃለን።
3. ቢያንስ በሦስት። ቀን ከቀደመ ሜይ 4 ቀን 2010፤ ወር ከቀደመ ኤፕሪል 5 ቀን 2010፤ የኢትዮጵያ ከሆነ ጥር 4 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ማለትም ጃንዋሪ 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.።
4. ስድስቱ በስማቸው እንዲገኙ የሚያስፈልገው ባዶውን ዓምድ ማስቀረት ብቻ ነው። 1900 ብንል ስድስት ሰዎችን መቶ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች እናደርጋቸዋለን፤ በዕድሜያቸው የሚፈልጋቸውም አያገኛቸውም።

ተማሪዎች፣ መልመጃውን ከሠራችሁ በኋላ የራሳችሁንና የእኅት ወንድሞቻችሁን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ለውጣችሁ፣ ቤታችሁ ካለው ካርድ ጋር አስተያዩት። የማይገጥም ካገኛችሁ ለወላጆቻችሁ አሳዩ።